ለነጭ በትር ቀን የእግር ጉዞ መንገድ ስትመርጡ

በየዓመቱ ጥቅምት 5 ገደማ ለሚታሰበው ዓለም አቀፍ የነጭ በትር ቀን እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የእግር ጉዞ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ መንገዱን ቀደም ብላችሁ በትር ከሚጠቀም ዓይነ ስውር ጋር ሄዳችሁ ብትፈትሹት መልካም ነው። በትሩ ክዳን የሌለውን የፍሳሽ ቦይና በእግረኛ መንገድ ላይ የተከመረውን አሸዋ ቢያስታውቅም፣ ከሱቅ ደጃፍ ዝቅ ብሎ የተዘረጋን ቆርቆሮ ወይም የቆመ አይሱዙን የጎን መስታወት ግን ፊት ሳይመታ በፊት ሊጠቁም አይችልም፤ እኔ ከጉድጓዱ ይልቅ የምፈራው ይህንኑ ነው። በኮብልስቶን ላይ ቀጭን ጫፍ በድንጋዮቹ መካከል እየተሰነቀረ እጀታው ሆድን ስለሚወጋ፣ ጫፉ የሚሽከረከር በትር ከተገኘ ይመረጣል። ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ለሚሳተፉ ሰዎች አጃቢያቸው ክንዱን ያስይዛቸው እንጂ እጃቸውን ይዞ አይጎትታቸው።