ኳንተምን ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፤ ብዙዎቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ

ለዓመታት በጨዋታ መሀል የምወረውራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፦ «በኳንተም ፊዚክስ (የአቶምና የብርሃን ደቃቅ ዓለም ሕግ) መሠረት ሰው እስካላየው ድረስ ነገሩ የለም»። አድማጩ ዝም ሲል የገባው ይመስለኝ ነበር፤ እኔም የገባኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ፊዚክስ የሚያስተምር ወዳጄ «ታዲያ ሌሊት በር ተዘግቶ መሣሪያው ብቻውን ሲመዘግብ ያደረው ውጤት በማን ዓይን ነው የተፈጠረው?» ሲለኝ የምለው አጣሁ። ያን ቀን የጀመርኩት ማጥራት እስካሁን አላለቀም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዛቢ» ሲባል ሰው መፈለግ

ከጥፋቱ ከፊሉ የቃሉ ነው። በአማርኛ «ታዘበ» ማለት አየ ብቻ አይደለም፤ አይቶ በልቡ ያዘ፣ ፈረደም ማለት ነው። «ሰው ይታዘበናል» ስንል የምንፈራው ዓይኑን ሳይሆን ከዓይኑ ኋላ ያለውን ሕሊና ነው። «ታዛቢው ውጤቱን ይለውጣል» የሚል ስናነብ ያ ሕሊና ሳይጠራ ተከትሎ ይገባል።

ፊዚክሱ የሚፈልገው ግን አሻራ ነው። በ2004 ከቪየና የወጣ አንድ ሙከራ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። እያንዳንዳቸው 70 የካርቦን አቶም ያላቸው ሞለኪውሎች በደቃቅ ፍርግርጎች ውስጥ ሲያልፉ፣ በሞገድ ወግ፣ አንዱ ቦታ ላይ በርከት ሌላው ላይ ሳሳ እያሉ የመስመር ሰልፍ ይሠራሉ። ሞለኪውሎቹ አስቀድመው በሌዘር ሲግሉ ግን በመንገዳቸው ላይ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይተፋሉ፤ የተተፋችው ፎቶን ደግሞ ሞለኪውሉ በየት በኩል እንዳለፈ ታሳብቃለች። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሰልፉ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። ፎቶኖቹን ተከታትሎ ያነበበ ማንም አልነበረም። ምስጢሩ መውጣቱ በቂ ነበር፤ ሰሚ አላስፈለገም።

ለእውነት ያህል፣ ስህተቱ የተራ ሰው ብቻ አይደለም። ታላቁ ፊዚሲስት ዩጂን ዊግነር በ1961 ለንቃተ ሕሊና ልዩ ቦታ የሚሰጥ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ በኋላ ራሱ ከአቋሙ ተመለሰ።

ኤሌክትሮንን እንደ ውሃ አፍስሶ መሳል

«ቅንጣትም ሞገድም ነው» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በየቀዳዳው ተከፍሎ የሚፈስ ነገር ነው። በ1989 አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ያሳተሙት ሙከራ ይህን ሥዕል ያፈርሰዋል። ኤሌክትሮኖቹ የሚላኩት በሁለት መንገድ ማለፍ ወደሚቻልበት መሣሪያ፣ አንድ በአንድ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ብልጭ ይላል። ቆይቶ ሌላ፣ ከመጀመሪያው ራቅ ብሎ። አሥር ሃያ ሲሆኑ እፍኝ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፤ መቶዎች ሲሆኑም መልክ የላቸውም። ሺዎች ሲሆኑ ዓይን መጠራጠር ይጀምራል፤ አሥር ሺዎች ሲያልፉ ደማቅና ጨለማ መስመሮች በሥርዓት ተሰልፈው ይታያሉ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ያረፈው ሙሉ ሆኖ፣ በአንድ ነጥብ ነው። ግማሽ ኤሌክትሮን ያየ የለም።

ማክስ ቦርን በ1926 እንዳለው፣ ከሞገዱ የምናሰላው ነጥቡ እዚህ ወይም እዚያ የማረፍ ዕድሉን ነው። ሞገዱ ራሱ በዓለም ውስጥ ያለ ነገር ነው ወይስ የስሌት መሣሪያ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል።

«አናውቅም»ን ከ«አልተቆረጠም» ጋር ማምታታት

ብዙ ጊዜ ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ፊዚሲስቱ ቨርነር ሃይዘንበርግ በ1927 ያወጣው መርህ «እርግጠኛ ያለመሆን መርህ» ይባላል። እርግጠኛ የሚሆነውም የማይሆነውም ሰው ስለሆነ ስሙ ነገሩን ወደ እኛ አላዋቂነት ይጎትተዋል፤ ኤሌክትሮኑ ቦታውንም ሞመንተሙንም (የእንቅስቃሴውን መጠን) አሟልቶ ይዟል፣ እኛ ግን ስንለካው ነካክተን አበላሸነው እንላለን። ሃይዘንበርግ ራሱ መጀመሪያ ላይ በማይክሮስኮፕ ምሳሌ ወደዚህ የቀረበ ማብራሪያ ሰጥቶ ነበር። መርሁ የሚለው ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተቆረጡበት ሁኔታ በቲዎሪው ውስጥ ከነጭራሹ የለም። እኔ ለራሴ «ያለመቆረጥ መርህ» እለዋለሁ፤ ተነጋግረንበት ያልጨረስነውን ጉዳይ «ገና አልተቆረጠም» እንደምንለው።

ልኬት የነበረውን ብቻ የሚገልጥ ከመሰለዎት ይህን ይሞክሩ። እኔ ከአሮጌ የፀሐይ መነጽሮች ሦስት ፖላራይዝድ መስተዋቶች (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ) ነቀልኩ። ሁለቱን ደራርቤ አንዱን በ90 ዲግሪ ሳዞረው ወደ መስኮቱ የሚያሳየኝ ነገር ጠፋ፤ ጨለመ። ሦስተኛውን በ45 ዲግሪ አጋድሜ በመሀላቸው ሳስገባው ብርሃን ተመልሶ መጣ። ወንፊት ላይ ወንፊት ሲደረብ ቀድሞ ያላለፈው አያልፍም፤ ይኸኛው ግን አሳለፈ። እርግጥ ብርሃንን ሞገድ ብቻ ካልነው ማብራሪያው ቀላል ነው። ፎቶን አንድ በአንድ ሲላክም ግን ውጤቱ ያው ነው፤ መስተዋቶቹ እንከን የለሽ ቢሆኑ የመጀመሪያውን ካለፉት ከአራቱ አንዱ መጨረሻው ይደርሳል። መካከለኛው መስተዋት ፎቶኑ ይዞት የመጣውን ማንነት አላጣራም፤ አዲስ ሁኔታ አስያዘው።

አንድ ጊዜ ይህን ሁሉ በሰምና ወርቅ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። ሰሙ የምንለካው፣ ወርቁ ከሥር የተደበቀው። ምሳሌው ያምራል፤ ችግሩ ቅኔ ሰሚው ባያገኘውም ወርቁን ባለቅኔው አስቀድሞ አኑሮታል። አንስታይን፣ ፖዶልስኪና ሮዘን በ1935 የተመኙት ይህንኑ ነበር፤ ቲዎሪው ሰም ብቻ ነው፣ ወርቁ ይቀራል አሉ። ጆን ቤል በ1964 ምኞቱን የሚፈተን አደረገው። ሁለት የተጠላለፉ (አንድ የጋራ ሁኔታ ያላቸው) ቅንጣቶች ወርቃቸውን በየኪሳቸው ይዘው ከተለያዩ፣ አንዱ ጋ የሚሆነውም ሌላውን በቅጽበት ካልነካው፣ የውጤቶቻቸው መገጣጠም ከማያልፈው ጣሪያ በታች ይቀራል። ጆን ክላውዘር በ1972፣ አላን አስፔ በ1982 ከየባልደረቦቻቸው ጋር ሲለኩት ጣሪያውን አለፈ። ሁለቱ ከአንቶን ዛይሊንገር ጋር በ2022 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ወርቅ አለ የሚል ሰው አሁንም አፉ አልተዘጋም፤ ዴቪድ ቦም በ1952 አንድ ዓይነቱን ሠርቶ አሳይቷል። ነገር ግን ርቀት የማይገድበው ወርቅ መሆን አለበት።

የቀሩት፣ ባጭሩ

«እንግዲያው በተጠላለፉ ቅንጣቶች ከብርሃን ፈጥኖ መልእክት መላክ ይቻላል» የሚለው አይሠራም። እያንዳንዱ ወገን ለብቻው የሚያየው ትርጉም የሌለው የዕጣ ዝርዝር ነው፤ መገጣጠሙ የሚታየው ሁለቱ ዝርዝሮች በተራ መንገድ ተገናኝተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

ሣጥን ውስጥ የተዘጋችው፣ ሞቷም በአንድ አቶም ዕጣ ላይ የተንጠለጠለው የፊዚሲስቱ የሽሮዲንገር የሐሳብ ድመት «ሞታም ሕያውም ናት» እየተባለ እንደ ግኝት ይነገራል። ሽሮዲንገር በ1935 ያመጣት ቲዎሪውን ወደ ትልቅ ነገር ዝም ብለን ብንጎትተው የት እንደሚያደርሰን በማሾፍ ለማሳየት ነበር።

በ«ኳንተም ጉልበት» በሽታ እናድናለን፣ ምኞት እናሳካለን ለሚሉት ጊዜዬን አልሰጥም። ይልቅ የተገላቢጦሹ ስህተት ያሳስበኛል፤ የኳንተም ውጤቶችን መጠን የሚወስነው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ከነጥብ ኋላ 33 ዜሮ አስቀድሞ የሚመጣ ኢምንት ስለሆነ (6.626 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ) ኳንተም የእኛን ዓለም አይነካም ማለት። ኤሌክትሮን ኒውክሊየሱ ላይ ተዝለፍልፎ የማይወድቀው፣ የተደገፍኩበት ጠረጴዛም ክርኔን የሚሸከመው በዚሁ ሕግ ነው።

አንዱን ስህተት ግን ልተወው አልቻልኩም። ወዳጄ «በመሀል ምን ሆነ ብለህ አትጠይቅ፣ ቁጥሩን አስላ» ይለኛል። ሦስቱ መስተዋቶች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ሥራ ሲሰለቸኝ አነሳቸዋለሁ፤ ሁለቱን አጨልማለሁ፣ ሦስተኛውን አስገባለሁ፣ ብርሃኑ ሲመጣ ደግሞ ያው ጥያቄ ይመጣል።