ለአባባ ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? እሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ

ጅማ ላይ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ዩዝድ (ያገለገለ) ላፕቶፕ የሚሸጥ አንዱ ኮምፒውተር ቤት ገብታችሁ «ለፋዘር ነው» ካላችሁ ሻጩ ከሁለት አንዱን ያወጣላችኋል። ወይ መደርደሪያው ላይ የከረመውን ርካሽ፣ ወይ ደግሞ ብር አላችሁ ብሎ ከገመተ ጌም የሚያጫውተውን ውድ። ሁለቱም ይቅርባችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሚሠሩበት ለዩ። የዕድር ጸሐፊ ከሆኑ የአባላት ስምና የወር መዋጮ በኤክሴል ይመዘግባሉ። ቡና አቅራቢ ከሆኑም ያው ኤክሴል ነው፣ ኪሎና ብር። እናቶች ደግሞ ዩቲዩብ ያያሉ፣ ቴሌግራም ይከፍታሉ፣ ውጭ ካለችው ልጅ ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። አንዱም ከባድ ሥራ አይደለም። 8 ጊጋ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣኑ ዲስክ)፣ አለቀ። ኤስኤስዲ መሆኑ ላይ ግን አትደራደሩ፤ በድሮው ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ እስኪነሳ ቡና ተቆልቶ ይደርሳል።

ፕሮሰሰር ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ላይ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው «አይ7 ነው» ሲባል ነው። ከአይ7 ይልቅ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ7-6600ዩ ከሆነ 6ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው። አይ3-8130ዩ ደግሞ 8ኛ ነው። አይ5-1135ጂ7 ካለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው የሚቆጠሩት፣ 11ኛ ማለት ነው። ይሄን ያህል የማካብደው ዊንዶውስ 11 ፕሮሰሰሩ ኢንቴል (እነ አይ3፣ አይ5፣ አይ7ን የሚሠራው ኩባንያ) ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ስለማይቀበል ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት አፕዴቱ) ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በአሮጌው ላይም ሻጩ «ዊንዶውስ 11ን እኔ እጭንልሃለሁ» ሊል ይችላል፣ በዘዴ ይጫናልም፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነበት ማሽን አፕዴት እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። አባባ ደግሞ ፍላሻቸውን ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት የሚመላለሱ ሰው ናቸው፣ ቫይረሱን ይዘውት ነው የሚመጡት።

ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ብቻ አትመኑ፣ ይቀየራል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እስካሁን ያለው የእናንተ ሥራ ነው። ስክሪኑንና ኪቦርዱን ግን ባለቤቱ ይምረጡ። ለዚህ ነው ይዛችኋቸው ሂዱ ያልኩት፤ ሰርፕራይዝ ማድረግ ደስ ይላል፣ ግን በእናንተ ዓይን የተመረጠ ስክሪን ለ65 ዓመት ሰው አይሆንም። የማንበቢያ መነጽራቸውን ያድርጉ፣ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ዎርድ ላይ አንድ ገጽ አማርኛ ክፈቱላቸው። ከዚያ ጮክ ብለው ያንብቡ። «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው አንዲት ጭረት ናት፤ እሷን ሳይጠጉ ካላዩ ፊደሉን አሳድጉት፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ዲስፕሌይ ውስጥ ስኬል የሚለውን 125 ወይም 150 በመቶ በማድረግ። አሁንም ካስቸገራቸው 14 ኢንቹን መልሱና 15.6 ይምጣ። ይከብዳል፣ ይክበድ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠረጴዛ አይነሳም። የሚያብረቀርቅ ስክሪን ደግሞ በረንዳ ላይ መስታወት ይሆንባቸዋል፣ የማያብረቀርቀው (ማት የሚባለው) ይሻላል።

ኪቦርዱ ላይ ስማቸውን ይጻፉ። ዩዝድ ላፕቶፕ ከየትም ስለሚመጣ ጀርመን ያገለገለ ከሆነ ዋይና ዜድ ቦታ ተቀያይረው ታገኟቸዋላችሁ። ለወጣት ምንም አይደለም፤ በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ ለሚጽፉ ሰው ግን ጭንቅ ነው። ለኦሮምኛ ቁቤው ላቲን ስለሆነ ምንም መጫን አያስፈልግም፣ ለአማርኛ ግን ፓወር ግዕዝ የለመዱ ከሆነ እዚያው አስጭኑና ሞክሩት። ማውስም ግዙ፣ ባለ ገመዱን። ታችፓድ ለሚንቀጠቀጥ ጣት አይመችም።

አሁን ባትሪ። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራቸው እንዳይቋረጥ ነው እንጂ ዴስክቶፑም ይበቃቸው ነበር። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱና ዋጋ እየተከራከራችሁ 20 ደቂቃ ይቆይ። ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ ወይ ዋጋ ያስቀንሱ ወይ ሌላ ይምጣ። ቻርጀሩንም እዩ። ከዱባይ የመጣው ብዙ ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው፣ በሚላላ ዲቫይደር ላይ ሲንጠለጠል ብልጭ ድርግም ይላል። ትክክለኛ ገመድ ይቀየርለት።

ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ጥሩ ናቸው፣ ለቢሮ ተብለው ስለተሠሩ ጠንካራ ናቸው፣ መለዋወጫም አላቸው። ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ከድርጅት የወጣ ማሽን አንዳንዴ ሲያበሩት ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) በፓስወርድ ተቆልፏል፣ ወይም ሪሴት ሲደረግ (ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ሲጀመር) የድሮውን ድርጅት ኢሜይል ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ ፊታችሁ ሪሴት ያድርገው፣ ኢንተርኔትም ተገናኝቶ እስከ መጨረሻው ይሂድ። «ቅድም አድርጌዋለሁ» አይሠራም።

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፣ አይካድም። ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቻርጀሩ በሳምንቱ ቢቃጠል በአውቶቡስ ልካችሁ መልስ መጠበቅ ነው። አባባ በባጃጅ ሄደው «ይሄን እየው እስቲ ልጄ» የሚሉት ሻጭ ከተማው ውስጥ ቢኖር ይሻላል። ዋስትናውን በደረሰኝ ላይ ያጽፉ፣ በቃል አይሆንም።

ቤት ስትገቡ ከስልክ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነ ዋይፋዩን ሜተርድ ኮኔክሽን (ዳታ የሚቆጥበው ምርጫ) አድርጉት፤ አለበለዚያ የገዙት ፓኬጅ በአፕዴት ሙልጭ ይላል። አፕዴቱን እናንተ ዋይፋይ ያለበት ወስዳችሁ አውርዱላቸው። ኤኒዴስክ ጫኑ፣ «ጠፋብኝ» ሲሉ ካላችሁበት ገብታችሁ ታስተካክላላችሁ። ላፕቶፑ ሲበራ የሚታየው ገጽ ላይ የሚጠቀሙበት ብቻ ይቀመጥ፣ ሌላው ይነሳ።

እማማንም አደራ በሏቸው። ቴሌቪዥኑን እንደሚያለብሱት ላፕቶፑንም ዳንቴል ያለብሱታል፣ ያውም እየሠራ። ሲዘጋ እንዳሻቸው፤ ሲበራ ግን የጎኑና የታቹ ቀዳዳ ይገለጥ፣ አልጋና ፍራሽ ላይም አይቀመጥ።