የዓሳ ዱቄት ወጥቶ አኩሪ አተር ሲገባ የአሳማ ግልገሎች ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የዓሳ ዱቄት፣ የደም ፕላዝማ ወይ የወተት ዱቄት ሲወደድ ብዙ ሰው በአኩሪ አተር ፋጉሎ (ዘይቱ ከወጣ በኋላ በሚቀረው) ይተካል፣ ፎርሙላው ላይ የፕሮቲኑ ፐርሰንት እኩል ይሆናል ግን የአሳማ ግልገሎቹ እንደ በፊቱ አያድጉም። የእንስሳ ፕሮቲን ሲወጣ ፕሮቲን ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ አብረውት የሚሄዱ ነገሮች አሉ። የቱ እንደጎደለ ምልክቱ ይናገራል።

ተቅማጥ። ጡት በጣሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት ከመጣ መጀመሪያ የአኩሪ አተሩን መጠን ተመልከቱ። አኩሪ አተር ውስጥ ግላይሲኒንና ቤታ ኮንግላይሲኒን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ የግልገሉ አንጀት እንደ ባዕድ ነገር ያያቸውና ይቆጣል፣ ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሳይ ጥቃቅን ነገሮች ያጥራሉ፣ ያልተፈጨው ፕሮቲን ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ለመጥፎ ባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። በዛ ላይ ራፊኖዝና ስታክዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ፣ አሳማ እነሱን የሚፈጭበት ኢንዛይም ስለሌለው እዛው ይቦካሉ። ደሞ አስተውሉ፣ ተራ ማብሰል እነዚህን ፕሮቲኖች አያጠፋቸውም፣ "በደንብ በስሏል እኮ" ማለት እዚጋ አይሰራም።

መፍትሄው አኩሪ አተርን ጨርሶ መከልከል አይደለም፣ አንጀቱ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። መጀመሪያ አካባቢ ፋጉሎውን ከመኖው ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ላይ ያዙት፣ ትንሽ የእንስሳ ፕሮቲን ይቆይ፣ ከዛ የእንስሳውን በየሳምንቱ እየቀነሳችሁ ሂዱ። ሙሉ በሙሉ ማውጣት የግድ ከሆነ የቦካ አኩሪ አተር ወይም የአኩሪ አተር ኮንሰንትሬት ተጠቀሙ፣ ስኳሮቹም እነዛ ፕሮቲኖችም በጣም ቀንሰው ነው የሚመጡት። ጠቅላላ ፕሮቲኑንም ወደ 18 ፐርሰንት አውርዳችሁ የጎደለውን በንጹህ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሰራበት ነገር) መሙላት ተቅማጡን ይቀንሳል። ደም ካለው፣ ትኩሳት ካላቸው ወይ በድንገት የሚሞት ካለ ግን መኖ እየቀያየራችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ ሐኪም ጥሩ።

በደንብ እየበሉ አለማደግ። ይሄ ሁለት መነሻ አለው። አንዱ አበሳሰሉ ነው፣ ጥሬው ውስጥ ትሪፕሲንን፣ ማለትም ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም፣ የሚያግድ ነገር አለ፣ ካልበሰለ ፕሮቲኑ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ከልክ በላይ ከበሰለ ደሞ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ይበላሻል። ጥሩ ፋጉሎ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ቡኒ ነው፣ ጠቆር ብሎ የማረር ሽታ ካለው ተዉት፣ የጥሬ ባቄላ ጣዕም ካለው ደሞ አልበሰለም። ላብራቶሪ ካገኛችሁ አበሳሰሉን የሚያሳየውን የዩሪየዝ ምርመራ አሰሩ፣ የፒኤች ጭማሪው ከ0.05 እስከ 0.20 ከሆነ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው አሚኖ አሲድ ነው፣ እዚጋ እስቲ አብረን እናስላው። ከ100 ኪሎ መኖ 5 ኪሎ የዓሳ ዱቄት አወጣችሁ እንበል፣ ፕሮቲኑ 62 ፐርሰንት ቢሆን 3.1 ኪሎ ነው፣ ያን ለመሙላት 44 ፐርሰንት ፕሮቲን ያለው ፋጉሎ 7 ኪሎ ያስፈልጋል። ፕሮቲኑ ሞላ፣ ግን የዓሳው ሜታዮኒን ወደ 85 ግራም ሲሆን የፋጉሎው 42 ግራም አካባቢ ነው፣ ግማሽ ማለት ነው! ላይሲኑም ወደ 35 ግራም ይጎድላል። ስለዚ ላይሲንና ሜታዮኒን ጨምሩ፣ ትሪዮኒንና ትሪፕቶፋንንም እዩ። አንዱ ከጎደለ የሌላው መትረፍ ምንም አይጠቅምም።

መኖ መሸሽ። ፕላዝማ ፍላጎት ይከፍታል፣ እሱ ሲወጣ ግልገሉ ይቀዘቅዛል። የጎመንዘር ወይም የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ከገባበት መራራነቱ ነው፣ የጥጡ ጎሲፖል ደሞ መርዝ ነው፣ ለዚህ እድሜ ጭራሽ ባይሰጥ ይሻላል። ትንሽ ትንሹን በቀን ብዙ ጊዜ አዲስ አዲሱን ስጡ፣ በውሃ ማራስም ይረዳል።

ማነከስ፣ ግድግዳ መላስ፣ ሽንት መጠጣት። ይሄ ማዕድን ነው። ከዕጽዋት ፎስፈረስ ወደ ሁለት ሶስተኛው ፋይቴት በሚባል ነገር ውስጥ የታሰረ ነው፣ አሳማ ብቻውን አይፈታውም፣ ፋይቴዝ ኢንዛይም ወይም ዲካልሲየም ፎስፌት መጨመር አለበት። ሶዲየምም ከዓሳውና ከፕላዝማው ጋር አብሮ ወጥቷል፣ ጨዉን እንደገና አስሉ። ቫይታሚን ቢ12 ዕጽዋት ውስጥ የለም፣ ስለዚ ፕሪሚክሱ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቁ) ላይ መኖሩን አንብቡ። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ግን አታብዙ፣ የጨጓራውን አሲድ ያረክሰዋል፣ ያኔ ፕሮቲኑ በደንብ አይፈጭም፣ ተቅማጡም ይመለሳል።

ስታስተካክሉ ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩ፣ የቱ እንደሰራ አታውቁም። አንዱን ቀይሩና ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ፣ በፊትም በኋላም መዝኗቸው፣ በአይን ብቻ አይታወቅም።