ውሃ የሌለውን ወንዝ እንዴት ትለኩታላችሁ?

የድሬዳዋውን ወንዝ ደቻቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ እንግዳ የሚጠይቀው አንድ ነው። «ወንዙ የታለ?» እውነቱን ነው፣ ፊቱ ያለው አሸዋ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲኖትራክ ወርዶ አሸዋ ይጭንበታል። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ሲሄድ ድልድዩ የራቀበት ሰው በመሃሉ ያቋርጣል። ይሄው አሸዋ ነው እንግዲህ በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ መገባደጃ ላይ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ በጎርፍ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ነፍስ ያጠፋው።

ለመስክ ሥራ የሚመጡ ተማሪዎች ቦቲ ጫማቸውንና የፍጥነት መለኪያቸውን ይዘው ይመጡና ውሃ እስኪመጣ ቁጭ ይላሉ። አቦ ተዉት! እንደ ደቻቱ ያለ ወንዝ ላይ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ወንዙ ደርቆ እያለ ነው። ውሃ የመጣ ቀን ያላችሁ ጥቂት ሰዓት ነው፣ ያኔ ደግሞ መሮጥ እንጂ ማሰብ የለም።

መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ደንገጎ እዩ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ናት፣ ውሃው የሚመጣው ግን ከደጋው ነው። እናንተ ጠራራ ፀሐይ ላይ ላብ እየጠረጋችሁ እላይ ዶፍ እየወረደ ሊሆን ይችላል። እና «እዚህ አልዘነበም» የሚለውን ነገር እርሱት። እኔ ደንገጎ አካባቢ የሚውል ሰው ስልክ እይዛለሁ፣ የሹፌር ይሁን የጫት ነጋዴ። በበልግና በክረምት ወደ አሸዋው ከመውረዴ በፊት ደውዬ «ሰማዩ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ጠቁሯል» ካለኝ አልወርድም፣ አለቀ። ከቡድኑ አንድ ሰው ደግሞ ዳር ላይ ቆሞ ሽቅብ እያየ ይዋል። ሌላ ሥራ አትስጡት። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ስለ ባጃጅ አትጠይቁኝ።

እሺ፣ ደረቅ ነው፣ ሰማዩም ጠርቷል። ቦታ ምረጡ። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ወርዱ ብዙ የማይለዋወጥበት፣ ድልድይም ጋቢዮንም (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ክምር) ያልተጠጋው ይሁን። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሩና በውሃ ልክ አስተካክሉት፣ ከዚያ በየሜትሩ ከሲባጎው እስከ አሸዋው ያለውን መዝግቡ። ውድ መሣሪያ ከሌላችሁ ግንበኞች ውሃ ሞልተው የሚጠቀሙበት ግልጽ ቱቦ ይበቃል። ትንሽ ወደ ታች ወርዳችሁ ይሄንኑ ድገሙት፣ በሁለቱ መካከል ወለሉ ምን ያህል እንደሚያዘቀዝቅም ለኩ። ይህቺ ቁልቁለት በኋላ የጎርፉን መጠን በማኒንግ ቀመር፣ ማለትም ከወንዙ ቅርጽ፣ ሸካራነትና ቁልቁለት የውሃውን ፍጥነት በሚያወጣው ስሌት፣ ስታሰሉ ትፈለጋለች።

ችግሩ አሸዋው አርፎ አይቀመጥም። ጎርፉ ሲበረታ ወለሉን ጠርጎ ይቆፍረዋል፣ ሲደክም ያመጣውን አሸዋ መልሶ ይሞላበታል። ጠዋት ሄዳችሁ «ምንም አልሆነም» ትላላችሁ፣ ሌሊት ግን ወለሉ በጣም ዝቅ ብሎ አድሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የምወዳት ዘዴ ሰንሰለት ናት። ተራ የብረት ሰንሰለት ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ቅበሩ፣ የላይኛው ጫፍ ከወለሉ እኩል ይሁን። ጎርፉ አሸዋውን ሲጠርግ የተራቆተው የሰንሰለት ክፍል ይተኛል፣ ከዚያ አዲስ አሸዋ ይለብሳል። በኋላ ስትቆፍሩ ሰንሰለቱ የታጠፈበት ቦታ ጎርፉ ቆፍሮ የደረሰበት ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሰንሰለት የታለ ብትሉኝ፣ አንድ ሲኖትራክ ከነአሸዋው ጭኖት ሄዷል። ይሄኔ የሆነ ሰው ቤት መሠረት ውስጥ ነው። ከመቅበራችሁ በፊት አሸዋ ጫኞቹን አናግሩ።

እንዲያውም ከሁሉም በፊት እነሱን አናግሩ። አሸዋው ላይ የሚውል ሰው ጎርፉ በየት እንደሚታጠፍ፣ የቱ ዳር እንደሚበላ ከእኛ በላይ ያውቃል። ሶማሊኛ እንዲህ ላለው ወንዝ የራሱ ስም አለው፣ «ቶግ» ይለዋል፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ነን «ደረቅ ወንዝ» እያልን የምንንተባተበው። ከመሃል አገር የመጣችሁ ደግሞ «እርስዎ» እያላችሁ አትሽቆጥቆጡ፣ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፣ ይስቁባችኋል። ስትጠይቁ «ስንት ሜትር ነበር?» አትበሉ። «የት ደርሶ ነበር? አሳየኝ» በሉ። ግድግዳውን በእጁ ይነካላችኋል፣ ሜትሩን እናንተ ትለካላችሁ።

ጎርፉ ሌሊት ሲመጣ የሚመሰክር መሣሪያም በርካሽ ይሠራል። የብረት ቱቦ ውሰዱ፣ ከታች ቀዳዳዎች ብሱበት፣ ከላይ ክዳንና የአየር ማስወጫ አድርጉለት፣ ውስጡ ቀጥ ያለ እንጨት አቁሙ። ከሥር የተፈጨ ቡሽ ጨምሩ። ውሃው ሲወጣ ቡሹ አብሮ ይንሳፈፋል፣ ሲወርድ ከፍ ብሎ የደረሰበት ቦታ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቡሽ ከየት? ወይን ከሚሸጥ ሆቴል የጠርሙስ ቡሽ ለምናችሁ ፈግፍጉት። ቱቦውን ከድልድይ ምሰሶ ጋር በደንብ እሰሩት፣ ቀለምም ቀቡት፣ የሚያምር ብረት ቶሎ ባለቤት ያገኛል።

ጎርፉ መጥቶ ካለፈ በኋላ ቶሎ ውጡ። ሰው ግድግዳውን ሳያጥብ፣ ሌላ ዝናብ ሳይመጣ። የጭቃ መስመር፣ ገለባ፣ ፌስታል የተንጠለጠለበት ቁጥቋጦ ፈልጉና በቀለም ምልክት አድርጉ። ቁጥቋጦን ግን በጣም አትመኑት። ጎርፉ አጎንብሶት ፌስታሉን ይሰቅልበታል፣ በኋላ ቀና ሲል ውሃው ከደረሰበት በላይ ያሳያችኋል። ውሃ የሚጋጭበት የግድግዳ ፊትም እንዲሁ ያጋንናል። ከሁሉም የሚታመነው ውሃው ረጋ ብሎ የገባበት የቤት ውስጥ ግድግዳ ነው። ስትገቡ ግን ሰዎቹ ንብረታቸውን እያወጡ እንደሆነ አትርሱ፣ መጀመሪያ ፍራሽ አግዙ።

ውሃው እየሄደ ከደረሳችሁ ደግሞ ብርቱካን ያዙ። እየቀለድኩ አይደለም። ብርቱካን ይንሳፈፋል፣ አብዛኛው አካሉ ግን ውሃ ውስጥ ስለሆነ ነፋስ አይገፋውም፣ ከሩቅም ይታያል። ዳር ላይ 20 ሜትር ለኩ፣ ከላይ ጣሉት፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ10 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ነው። ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት፣ 1.7 ይሆናል። የውሃው ወርድ 8 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.4 ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ ስፋቱ 3.2 ካሬ ሜትር፤ ይህ በፍጥነቱ ሲባዛ በሰከንድ 5.4 ሜትር ኩብ አካባቢ። ቢያንስ አምስት ጊዜ ጣሉ፣ መሃሉም ዳሩም ላይ። ከዳር ሆናችሁ! ብርቱካን ለማውጣት ገባ ያለ ሰው አይቻለሁና ነው።

ናሙና መውሰድ ካለባችሁ አጭር ነው። ጠርሙሱን በራሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ከላይ ያለውን አረፋ አትቅዱ። ለባክቴሪያ ምርመራ የተዘጋጀውን ንጹሕ ጠርሙስ ግን አታለቅልቁት፣ ከፍታችሁ ቀድታችሁ ዝጉት፣ በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ አድርሱት። በድሬ ሙቀት በረዶው የሚያልቀው ቀድሞ ስለሆነ ሁለት እጥፍ ያዙ። ጓንት አድርጉ፣ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

ወደ ሐረር ስትወጡ ሐረማያ ሐይቅ ጋ መቆማችሁ አይቀርም። እዚያ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፣ አደጋው ዳር ዳሩ ያለው ጭቃ ነው፣ እስከ ጉልበት ይውጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ጭራሽ ደርቆ ነበር፣ ከዓመታት በኋላ ነው ውሃው የተመለሰው፣ እና የድሮ ካርታ ይዞ ዳርቻውን መፈለግ ዋጋ የለውም። ግልጽነቱን ለመለካት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድስት ክዳን ጥቁርና ነጭ ቀብታችሁ የርቀት ምልክት ባለው ገመድ አውርዱ፣ ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት ጻፉ።

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ደግሞ ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ነዋሪው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጣ» ሲላችሁ አንዱ 8:00 ብሎ ይጽፋል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ልጅ ጠዋት ያደርገዋል፣ ጎርፉ 6 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ቀኑም እንደዚያው። ከጎኑ «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» ብላችሁ ጻፉ፣ በእርሳስ፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይጠፋል።