ኮሚካችሁን ከማስጫናችሁ በፊት በመብራት እዩት

የቆየ ኮሚክ (በሥዕል የተተረከ መጽሔት) የኮሚክን ይዞታ መርምሮ ከ10 ነጥብ ለሚሰጠው ለሲጂሲ ድርጅት ልካችሁ ነጥብ ልታሰጡት ካሰባችሁ መጀመሪያ ሽፋኑን መብራት ስር አዘንብላችሁ እዩት። እጥፋቱ ቀለሙን ካልሰበረው፣ ማለትም ነጭ መስመር ካላወጣ፣ ኮሚክን በሙቀትና በእርጥበት ተጭኖ እጥፋት የሚያቃና ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ነጩ ከወጣ ግን አለቀ፤ ቢጫንም መስመሩ እዚያው ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ቤት ውስጥ በካውያ ደግሞ እንዳትሞክሩት፣ ሸሚዝ አይደለም!

ገጾቹንም አገላብጡ። የ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) የማርቬል ኮሚክ ሀልክ ቁጥር 181፣ ዎልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ብቅ ያለበት ማለት ነው፣ ውስጡ ተቆርጦ የሚሰበሰብ የማርቬል ቴምብር ነበረው፤ የያኔ ልጆች ምን በወጣቸው፣ በመቀስ ቆርጠው ወሰዱት። ሽፋኑ እንደ አዲስ ቢያበራም ቴምብሩ ከሌለ ከ10 የሚያገኘው ነጥብ ቁልቁል ይወርዳል። ሻጩ የውስጡን ፎቶ አልልክም ካለ ተዉት።

የማተሚያ ቤት ስህተት ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሁለት ሽፋን ተደርቦ በስቴፕለር ተመትቶ ካገኛችሁ የላይኛውን እንዳትነቅሉት፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ጠሞ የተቆረጠ ሽፋን ግን ሻጩ “ብርቅዬ” ብሎ ስለለጠፈበት ብቻ ዋጋ አይጨምርም።