የሐረርና የድሬዳዋን ጉድ ለመጽሐፍ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአካባቢ ታሪክ መጽሐፍ እጁ የገባ አንባቢ ቀድሞ የሚገልጠው የጅቡን፣ የጦርነቱንና የጎርፉን ምዕራፍ ነው። ስህተት የሚበዛውም እዚያው ላይ ነው፤ ነገሩ ጉድ ከሆነ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ የሚጠይቅ የለማ።

ዘመን ማደበላለቅ። የሐረርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሦስት አቆጣጠር ይገጥመዋል። ምኒልክ ሐረርን የያዙበት የጨለንቆ ጦርነት በ1879 ዓ.ም.፣ በ1887 እ.ኤ.አ. እና በ1304 ሂጅራ ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ ሦስቱም ልክ ናቸው። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይቀነሳል። ሂጅራው ግን ዓመቱ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር አንድ ቁጥር ይዞ መቀነስ አያዋጣም፤ 33 የሂጅራ ዓመት 32 የእኛን ዓመት ያህላል። ስለዚህ በዐረብኛ ሰነድ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ገልብጡ፤ ስሌቱን አጠገቡ በቅንፍ አስቀምጡ። የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍም የደረሰው በ1998 ዓ.ም. ነው። «2006» የሚለውን «እ.ኤ.አ.»ን ጥሎ የገለበጠ ሰው አደጋውን ስምንት ዓመት ወደፊት ይገፋዋል።

ሦስት የጅብ ታሪክ አንድ ማድረግ። «የሺህ ዓመት ልማድ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። በሙስሊሞች የዓሹራ በዓል ለጅብ የሚቀርበው ገንፎ አንድ ነገር ነው። አሮጌውን የሐረር ከተማ በሚከበው በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ሌላ። ማታ ማታ ቱሪስት የሚያየው ሥጋ የማጉረስ ትርኢት ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለየብቻ ጻፏቸው። ዓሹራ በሂጅራው የመጀመሪያ ወር፣ ሙሐረም 10 ላይ ስለሚውል በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ወር ጠርቶ «በየዓመቱ» ብሎ መጻፍ አይሆንም።

የበሮቹን ስም ማባዛት። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ አምስት በር ነበረው፤ ስድስተኛው የተከፈተው በኋላ ነው። ግን ቡዳ በር የሚባለው በሐረሪ ቋንቋ በድሪ በሪ ነው፤ ሰንጋ በርም ሱቁታት በሪ። ይህን ያላወቀ አንዱን በር ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። የስም ሠንጠረዥ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይግባ። «ቡዳ» ስላለ ብቻ የቡዳ ተረት መፈልሰፍ ግን ይቅር።

የቤቱን ስም እንደ ማስረጃ መያዝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ1891 ማርሴይ ውስጥ ሞቷል። ዛሬ «ራምቦ ቤት» የሚባለውን ሕንፃ ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም ከገጣሚው በኋላ። «በስሙ የተሰየመ ሙዚየም» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

አንድ መንገደኛ ላይ መንጠልጠል። እንግሊዛዊው አሳሽ በርተን ሐረር የቆየው በጥር 1855 እ.ኤ.አ. አሥር ቀን ያህል ነው፤ ያውም በአሚሩ ሰዎች ዓይን ሥር። ያየውን ውሰዱ፤ የሰማውን ግን «በርተን እንደሰማው» እያላችሁ ለዩት፤ ከተቻለም በከተማው የብራና ጽሑፎችና የቤተሰብ ሰነዶች አመሳክሩት።

ምስክርን ያለ ቦታ መቅዳት። ጎርፉን ያየ ሰው ስታነጋግሩ አስቀድማችሁ የት ቆሞ እንዳየ ጠይቁ፦ ወንዙ ከሚለያቸው ሰፈሮች በከዚራ በኩል ነው ወይስ በመጋላ? ሌሊት ነው ወይስ ነግቶ? ውኃው የደረሰበትን ምልክት አሁንም ባለ ግድግዳ ላይ እንዲያሳያችሁ አድርጉና በሜትር ለኩት። የሟች ስም ከቤተሰቡ ፈቃድ እስኪገኝ በማስታወሻ ደብተር ይቆይ።