ውሻ ከመጠለያ ወደ ግቢ እንዴት ይገባል? ከድሬ (ድሬዳዋ) የተጻፈ

ውሻዬን ቦራን ያመጣኋት በባጃጅ ነው። ሹፌሩ መጀመሪያ እምቢ አለ። "አቦ! ወንበሬን ትበላለች" አለኝ። ጆንያ አንጥፌ፣ ሂሳቡን እጥፍ አድርጌ ነው የተሳፈርነው። ከሳቢያን እስከ ከዚራ አገጯን ጉልበቴ ላይ አሳርፋ፣ ሱሪዬን በለሃጭ አርጥባ ደረስን። ጥርሷን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ስታዛጋ።

ይሄ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ውሻ ወይም ድመት ማምጣት ያማረው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። እኔም የማውቀውን፣ በተለይ ያበላሸሁትን እነግረዋለሁ። መጠለያ ስል ደግሞ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። እኔ የሄድኩበት የአንድ ሰውዬ ግቢ ነው። መኪና የገጫቸውን፣ ባለቤታቸው የጣላቸውን ውሾች ሰብስቦ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ያኖራል።

1. መጀመሪያ ግቢውን ጠይቁ

ብዙ ሰው ውሻውን መርጦ ካመጣ በኋላ ነው ከጎረቤት ጋር የሚጣላው። መገልበጥ አለበት። የምትኖሩት ተከራይታችሁ ከሆነ አከራያችሁን በግልጽ ጠይቁ። "ለምደው ይተዉታል" ብላችሁ ደብቃችሁ አታስገቡ። ውሻ አይደበቅም፤ ይጮኻል።

በእኛ ግቢ አራት ቤተሰብ አለ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት አዴ አጥባቂ ሙስሊም ናቸው። በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ ነው) የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ነው የሚታጠበው። ስለዚህ ውሻ በረንዳቸው ላይ ወጣ ማለት ለእሳቸው ትንሽ ነገር አይደለም። ሄጄ ቁጭ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ "የውዱእ ውሃዬ ጋ እንዳትደርስ፣ በሬን እንዳታልፍ" አሉኝ። በቃ ሕጉ ይሄ ሆነ። እኔም ከጓሮ እስከ ውሃ በርሜሉ ድረስ በእንጨትና በሽቦ አጠርኩ። እስካሁን አልተጣላንም።

ሌላው የድሬ ጉዳይ የከሰዓቱ ሰዓት ነው። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው በርጫ ላይ ነው ወይ ተኝቷል። ያን ሰዓት የምትጮህ ውሻ ለጠብ ትዳርጋለች። ማን ከሰዓት ቤት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚተኛ ቀድማችሁ አስቡ። ሁላችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነና ውሻዋ ብቻዋን ታስራ የምትውል ከሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይቅርባችሁ።

2. ሁለት ጊዜ ሂዱ፣ ቡችላ ላይ አትረባረቡ

ሁሉም ሰው ቡችላ ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ለጀማሪ ቡችላ አልመክርም። ፓርቮ የሚባለው የተቅማጥና የትውከት በሽታ ያልተከተበ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ጫማ ይበላል፣ ሌሊት ያለቅሳል፣ አድጎ ምን ዓይነት ውሻ እንደሚሆን አታውቁም። ሁለት ሦስት ዓመት የሞላት ውሻ ግን ፀባይዋ ተገልጦ ያለቀ ነው። ያያችሁትን ነው የምትወስዱት።

አንዴ በቀትር፣ አንዴ ወደ ማታ ሂዱ። በቀትር ሁሉም ውሻ ጨዋ ነው፤ ሙቀቱ ዘርግቶታል። ፀባይ የሚታየው ማታ ምግብ ሲቀርብ ነው። እኔ መጀመሪያ የወደድኩት እየዘለለ እጄን የላሰኝን ጥቁር ውሻ ነበር። ማታ ስመለስ ያው ጥቁር ውሻ የሌሎቹን ሣህን ሁሉ እየዞረ ሲቀማ አገኘሁት። ቦራ ኒም ዛፍ ሥር ተኝታ ነበር። ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት አላት፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ግርግሩ እስኪያልቅ ጠበቀች፣ የተረፈውን ሩዝ ከብረት ድስቱ ላሰች፣ ከዚያ ወደኔ መጥታ አንድ ሜትር ያህል ርቃ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ሰውዬው ሳቀና "መርጣሃለች" አለኝ። ውሻ ለማታምነው ሰው ጀርባዋን አትሰጥም።

ከመወሰናችሁ በፊት በእጃችሁ እዩ። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩት፤ ሮዝ መሆን አለበት። ነጣ ካለ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው መዥገር ወይም የሆድ ትል አለ። ጆሮዋን ውስጡን፣ ጣቶቿን መሃል መሃላቸውን ፈልጉ። ፀጉሯ የተላጠና ቆዳዋ የተቀረፈበት ቦታ ካለ እከክ ሊሆን ይችላል። ይድናል፣ ግን ጊዜና ብር ይፈልጋል።

ሰውዬውን ደግሞ ጠይቁት። የት አገኛት? ሰው ነክሳ ታውቃለች? መክናለች? መቼ ተከተበች? "ጤነኛ ናት" የሚል መልስ የክትባት ካርድ አይሆንም። ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበች ቁጠሩት።

3. ከቤት በፊት ሐኪም

ይህችን ደረጃ አትዝለሉ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው ሟች አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው፣ ያስተላለፈውም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ውሻ ነው። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን አለ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገማል። ለትልቅ ውሻ በወሰዳችሁበት ቀን ማስከተብ ነው። የእንስሳት ክሊኒክ አጠገባችሁ ካጣችሁ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዳለው አስታውሱ። ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ከደንገጎ ዳገት በኋላ።

የትኛዋም ውሻ፣ የራሳችሁም ብትሆን፣ ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ። 15 ደቂቃ ሲያጥቡ እንዴት እንደሚረዝም ታያላችሁ። ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ውሻዋን አትግደሏት፤ አስራችሁ አሥር ቀን ተከታተሏት። ክትባቱን ግን አሥሩ ቀን እስኪያልቅ አትጠብቁት፣ በባህል መድኃኒትም አትተኩት።

በዚያው ጉዞ ስለ ማምከን ተነጋገሩ። ውሻ ሁለት ወር ገደማ ነው የምታረግዘው፣ አንዴ ስትወልድ ስድስት ሰባት ቡችላ ልታመጣ ትችላለች። ሰባት ቡችላ የሚወስዱ ሰባት ዘመዶች ካሏችሁ እሺ።

4. መዥገር፣ እና የሠራሁት ስህተት

ድሬ ሙቅ ናት፤ ለመዥገር ደግሞ ገነት ናት። ቦራ ጆሮ ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። በደረሰች በሁለተኛው ቀን አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ገባሁ። ባለሱቁ ለከብት የሚረጭ ዲያዚኖን ሰጠኝ። "ትንሽ ጠብ አድርገህ እጠባት" አለኝ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? አልጠየቅኩም። በባልዲ ውሃ አንድ ክዳን ጨምሬ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አሸሁላት። ንጽህናዋን እያየሁ ደስ አለኝ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አፏ አረፋ ደፈቀ። የኋላ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቆማ ሸናች፣ ከዚያ ወደቀች። እንዴት ባጃጅ እንዳገኘሁ አላስታውስም። ሐኪሙ ጠርሙሱን አየና "ይሄ እኮ ለበሬ ነው" አለኝ። መላ ሰውነቷን በሳሙና አጥቦ፣ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ ወጋት። ማታ ላይ ውሃ ጠጣች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠኑን በወረቀት ያልጻፈልኝ ሰው የሰጠኝን መድኃኒት አልነካም።

ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው ግን ይሠራል። ወረንጦ ያዙ። መዥገሩን ጭንቅላቱ ጋ፣ ቆዳውን ተጠግታችሁ ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አትጠምዝዙት፣ በክብሪት አታቃጥሉት፣ በጣትም አታፍርጡት። አልኮል ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። በኪሎዋ ልክ የሚሰጠውን መከላከያ ሐኪሙ ይዘዝላችሁ። ድመት ካላችሁ ደግሞ አስተውሉ፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል።

5. የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ዘመድ አትጥሩ፣ ልጆችም አይክበቧት። ጥላ ያለበት አንድ ጥግ፣ ውሃ፣ የድሮ ምንጣፍ። በቃ። ቦራ ሦስት ቀን ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አልወጣችም። ምግቧን እዚያው አስቀምጬ እሄድ ነበር። በአራተኛው ሌሊት በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ተኝታ አገኘኋት፤ ረግጫት ልወድቅ ነበር። "ውሻዋ አልወደደችኝም" ብላችሁ በሦስተኛው ቀን አትመልሷት። ለጥቂት ሳምንታት የግቢው በር ዝግ ይሁን፣ ስታስወጧትም በገመድ ይሁን። አዲስ ውሻ ካመለጠች የምትሮጠው ወደምታውቀው ነው፣ እናንተን ደግሞ ገና አታውቃችሁም።

6. ምግብና ሙቀት

የቤት ትራፊ ይሆናል፣ ወጥ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን አለው? እንጀራውን ወጥ ሳይነካው፣ ወይም ሩዝና ማካሮኒ በአጥንት መረቅ አርሳችሁ ስጡ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮ ይወጋል፣ እሱን ተዉ።

ከሥጋ ቤት ሳንባና ጉበት ርካሽ ነው፤ የበሬም የግመልም ታገኛላችሁ። ጥሬውን እንዳትሰጡ። አንዳንዴ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ታያላችሁ። እሱ የትል ዕጭ ነው። ውሻዋ ከበላችው አንጀቷ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በሰገራዋ ይወጣና በእጅ፣ በአፈር፣ በውሃ ሰው አፍ ይገባል። ከዚያ ከረጢቱ የሚያድገው የእናንተ ጉበት ላይ ነው። ከረጢት ያለበትን ቅበሩት፣ ሌላውን በደንብ ቀቅሉ። እጃችሁንም ታጠቡ።

ሙቀቱን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ውሻ ግን እንደኛ አያልባትም። የምትበርደው በማለክለክ ነው። ሽርሽር ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ። ከተጠራጠራችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ አስፋልቱ ላይ ቁሙ። እናንተ ካልቻላችሁ እሷም አትችልም። ለውሃ የተሰበረ እንስራ ታች ግማሹን ጥላ ሥር ቀብሬላታለሁ፤ ከፕላስቲክ ሣህን በጣም ይቀዘቅዛል። ማለክለኳ አላቆም ካለ፣ ከተንገዳገደች፣ ሆዷንና እግሯን በውሃ እያራሳችሁ ማራገብና ሐኪም ጋ መሮጥ ነው።

7. ሐረር ላላችሁ

ለእናንተ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፤ ጅብ። ሌሊት በግንብ የታጠረው ጀጎል ድረስ እንደሚገባ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ውጭ የታሰረች ውሻ መሸሽ አትችልም። ማታ ሰንሰለት ሳይሆን የሚዘጋ በር ነው የሚያስፈልጋት።

ግቢ ለሌለው ደግሞ ድመት ይሻላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት ሳታስወጡ አቆዩዋት፣ አለበለዚያ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ስትታመም ፓራሲታሞል አትስጧት፤ ለሰው ራስ ምታት የሚሆነው አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። የሐረሪ ቤት ያለው አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ችግር ገጥሞታል። ድመቷ በገባች በሳምንቷ ለአባወራው የሚተወውን መደብ፣ አሚር ነደባን ይዛለች። እሱ አሁን ከታች ነው የሚቀመጠው።

8. ካልሆነስ?

አንዳንዴ አይሆንም። ልጅ ያስነጥሰዋል፣ አከራይ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ይወስዳችኋል። ያኔ ወደ ወሰዳችሁበት መልሱ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የምትጣል ውሻ አይቻለሁ፤ የጣላትን ባጃጅ ተከትላ እስከ ድልድዩ ትሮጣለች። ስለዚህ ገና ስትወስዱ "ባይሆን ትቀበለኛለህ?" ብላችሁ ሰውዬውን ጠይቁት፣ ስልኩንም ክትባት ካርዷ ጀርባ ላይ ጻፉት።